ቢጫዎቹ መስመሮች

አይልሻም፣ ኖርፎክ
ኖቬምበር 3 ቀን 1991

ይድረስ ለባሌ የወንድም ልጅ ለሮይ፤

ለአንተ፣ ለማርጎና ለጃኔት ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። በእናንተ አገር አሁን የፖሙ አበባ የሚረግፍበት ጊዜ ይመስለኛል። እኔ ደኅና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ለመጻፍም ሌላ ቃል አጣሁ።

ለትሬቨር ቀብር የላክኸው አበባ ደርሷል። ነጭ ነበር፤ ዝናብ እስኪያረግፈው ድረስ ከሁሉም አበባ በላይ ቆየ። ሥራ ቦታው ምሳ ሊበላ እንደተቀመጠ ነው ልቡ የቆመው። ሕመም አልነበረበትም ይሉኛል። ለማጽናናት ይሁን እውነት ይሁን አላውቅም፤ ብቻ እሺ እላለሁ።

የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ታገሠኝ፤ ይህችን ገጽ የጀመርኳት ሐሙስ ነው። አንተና ትሬቨር በሣጥን ተፈታትታ መጥታ የገጠማችኋት፣ አጎትህ ነፍሱን ይማረውና «ጎማ ያላት የገላ መታጠቢያ ገንዳ» ሲላት የነበረችው፣ ዛሬም ጓሮ ባለው መጋዘን ቆማለች። ትሬቨር እሑድ ምሳውን በልቶ ከሥሯ ይገባ ነበር። ሻይ ስወስድለት የማየው እግሮቹን ነው።

«እዚያ ታች ምን ታያለህ?» እለዋለሁ።

«ሁሉም ቦታው ላይ መሆኑን ነዋ እማዬ» ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ሰዎች ስለ ልጄ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔ የማውቀው ግን እግሮቹን ነው። ለሌላ ሰው አልናገረውም፤ ያሳፍራል።

ከመኪና ማኅበራቸው ጂሊያን የምትባለው፣ ቀይዋን የምትነዳው፣ መጥታ ነበር። «ወይዘሮ ኢኒድ፣ የብርዱን ወራት እኔ ጋ ትቆይ፤ እንደ እንቁላል ነው የምይዛት» አለችኝ። «የእኔ ቤት ምን ጎደለው?» አልኳት። ይህን ስላት ባትሪው ከፊት ይሁን ከኋላ እንኳ አላውቅም ነበር። የእኛ ሰው ኩራት ታውቀዋለህ፤ እርዳታ ከሚቀበል ጣሪያው ቢያፈስበት ይመርጣል።

እሱ እንደያዛት ልይዛት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ? ለእኔ በሚገባኝ ቃል ጻፍልኝ።

የሄደውን ያሳርፍልን፤ ባሕር ያራራቀንን ደግሞ ያገናኘን።

አክስትህ ኢኒድ

—

ኔልሰን፣ ኒውዚላንድ
ኖቬምበር 27 ቀን 1991

ለተከበሩ አክስቴ ለኢኒድ፤

ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ብርታቱን ይስጥዎ ከማለት በቀር የምለው የለኝም። ለቀብሩ አለመምጣቴን ሳስብ ይህን ብዕር መያዝም ይከብደኛል። ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ለእርስዎ ግን እንዲህ ብዬ አልጽፍም። ፈራሁ። ያለ ትሬቨር ያን መጋዘን ማየት ፈራሁ።

ስለ መኪናዋ ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ። ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ትታጠብ፤ በተለይ ከሥሯ። መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨውና ከጭነት መኪኖች የሚወድቀው የእርሻ ጭቃ ብረቷን ይበላዋል። ከባድ መኪና አንድ የብሎን ዳዶ ቢላላባት ሌላው ይሸከምላታል፤ ቀላል መኪና ግን ትርፍ የላትም፤ እያንዳንዱ ዳዶ የራሱን ድርሻ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ እጅዎ የሚደርስበት ሁሉ እንደ ሳህን ይጥራ። ምንም እንዳይቀር።

ከዚያ ነዳጁን እስከ አፉ ይሙሉት፤ ባዶ ጋን ውስጥ ውሃ ያዥበታልና። ጎማዎቹ ከወትሮው ጠንከር ተደርገው ይነፉ። የባትሪውን ሽቦ ይንቀሉት፤ ያለው ከወንበሩ ኋላ ነው። የእጅ ፍሬኑን አይያዙ፤ ተይዞ ከከረመ ተጣብቆ ይቀራል። በምትኩ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ጡብ ያድርጉ። ላስቲክ አያልብሷት፤ ላስቲክ ያልባታል። አሮጌ አንሶላ ይበቃታል። አልፎ አልፎም ጡቡን አንሥተው ትንሽ ገፋ ያድርጓት፤ ጎማው በአንድ ጎኑ እንዳይተኛ።

ጃኔት ከጎኔ ሆና ስጽፍ ታያለች። «አባዬ፣ ይሄ የመኪና ነው ወይስ የአራስ ልጅ?» ትላለች። የክርስትና አባቷ ትሬቨርም ከዚህ የተለየ አይነግራትም ነበር።

ፈቃድዎ ቢሆን በሜይ መምጣት እፈልጋለሁ። ማኅበሩ በየዓመቱ በመኪና ኮረብታ የሚወጣበት ቀን አለ። የትሬቨርን የማኅበር ቁጥር ይዤ እሷን ብነዳ፣ ምናልባት ያልቆምኩበትን ቀብር በትንሹ እክሰው ይሆናል።

እግዚአብሔር ቤትዎን ያሙቅልዎ።

ሮይ

—

አይልሻም
ጃንዋሪ 12 ቀን 1992

ለሮይ፤

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንላችሁ። ሜይ እሺ። ና። ክፍሉን አዘጋጃለሁ።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። የነዳጁን፣ የባትሪውን፣ የጡቡን። እጥበቱ ከገና በፊት ተጀምሮ ትናንት አለቀ። የትሬቨርን ቱታ ለብሼ እጀታውን አጥፌ፣ በዚያች ትንንሽ ጎማ ባላት ሳንቃው ላይ ተንጋልዬ ገባሁ። በነጭ ጋዝና በብሩሽ። ያላየሁት ጉድጓድ የለም።

አንድ ቀን እንዲህ ተኝቼ ሳለ ፖስተኛው ጃክ በጓሮ መጣ። ያየው የትሬቨርን ቱታና ሁለት እግር ነው። «አምላኬ!» ብሎ ቦርሳውን ጣለ።

«እኔ ነኝ፣ አትደንግጥ» አልኩት ከሥር።

«ወይዘሮ ኢኒድ፣ ጡረታዬን ሳልቀምስ ሊገድሉኝ ነው እንዴ? ሁለተኛ እንዲህ አያድርጉኝ!»

እስኪበቃን ሳቅን። ከዚያ እሱ ሄደ፤ እኔም እዚያው እንደተኛሁ አለቀስኩ፤ ግን ክፉ ልቅሶ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ትሬቨር ያይ የነበረውን አየሁ። እግሩን ሳይሆን ዓይኑን ያገኘሁ መሰለኝ።

አሁን ከሥሯ ምግብ ብትበላ አትጸየፍም። ልጄ ባይኖርም ንብረቱ አልተዋረደም።

ሰላም ያክርምህ።

አክስትህ ኢኒድ

—

ኔልሰን
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1992

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፖስተኛው ያሉትን ለማርጎ አነበብኩላት፤ ሳህን ስታጥብ ነበር፤ እጇን ሳትጠርግ መጥታ ደብዳቤውን ወሰደችብኝ።

እንዴት እንደ ደከሙ ገብቶኛል። ትሬቨር ቢያይዎ ይኮራ ነበር። እኔ ስመጣ ብዙ ሥራ አይጠብቀኝም ማለት ነው፤ ቢጫዎቹን መስመሮች ማየት ብቻ ነው።

ነግሮዎት ይሆን? ትሬቨር አንዱን ዳዶ በልኩ ሲያጠብቅ፣ ከዳዶው ጀምሮ እስከ ብረቱ የሚያልፍ ቀጭን ቢጫ መስመር በብሩሽ ያሰምርበታል። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። የእጅ ባትሪ ይዞ ከሥር ገብቶ መስመሮቹን ሲያይ፣ ሁሉም ቦታው ላይ እንዳለ ያውቃል። ሳይነካ ያውቃል። ይህን አብረን ነው የጀመርነው፤ ግን እንደ እሱ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ አላየሁም። በመጨረሻው በጋ ሁሉንም እንደ አዲስ አጥብቆ እንዳሰመረ ጽፎልኝ ነበር። ለዚያ ደብዳቤ መልስ ሳልሰጠው ሞተ።

ስለዚህ እኔ ሌላ ሰው አላምንም፤ የእሱን እጅ ግን አምናለሁ። መስመሮቹ ካልተሰበሩ ጃኔትን ከጎኔ አስቀምጬ እነዳለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ በክርስትና አባቷ መኪና ኮረብታውን ሳልወጣ አልሞትም ብላለች። የወንበሩ ቀበቶ ብሎን ላይ ያለውንም መስመር አያለሁ፣ አይዞዎ።

ቸር ያሰማን።

ሮይ

—

አይልሻም
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1992

(ይህን አልላክሁትም)

ሮይ፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት በር ላይ ቆሜ ነው። መስመር የሚለው ላይ ስደርስ የደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አጥፍቻቸዋለሁ። ሁሉንም።

ትሬቨር በዚያው በጋ የጓሮውን በር ቢጫ ቀብቶ ነበር። ልጅ ሆኖም ሲቀባ ያንጠባጥባል። የበሩ ቀለም ፍንጣሪ መሰለኝ። «አንተ ዝርክርክ፣ እዚህም ደረስክ?» እያልኩ፣ እየሳቅሁ ነው የፋቅሁት። በነጭ ጋዝ እንቢ ሲለኝ በቀለም ማስለቀቂያ፣ እሱም እንቢ ሲል በሽቦ ብሩሽ፣ ብሩሽ የማይገባበትን በጥፍሬ። ከልጄ ጋር የማወራ መስሎኝ የልጄን እጅ ከምድር ላይ እየፋቅሁ ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንዱ ጋ ቀለሙ ከዳዶው ሥር ገብቶ ነበር። በእሱ መፍቻ አላልቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አጠበቅሁ። ያጠበቅሁት የሰባ ዓመት ሴት ክንድ በቻለው መጠን ነው። የትኞቹን እንዳላላሁ አላስታውስም። የፊት ጎማው አካባቢ ይመስለኛል። ብቻ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጂሊያን መጣች። አንሶላውን ገልጣ ባትሪ አበራች።

«ወይዘሮ ኢኒድ፣ መስመሮቹስ?»

«የምን መስመር?»

«የትሬቨር ነዋ! ቢጫዎቹ።»

ያን ጊዜ አጠፋሁ ብል አለቀ ነበር። «ባለሙያ አስፈትሼአት ነው» አልኩ። «እንደ አዲስ አጥብቆልኛል።»

«ማነው እሱ?»

«ከክሮመር ከተማ ነው። ጡረታ የወጣ።»

«ክሮመር? ክሮመር ውስጥ መፍቻ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ግማሾቹም ይሸሹኛል። ስሙ ማነው?»

«ሚስተር ፔግ» አልኩ። ሚስተር ፔግ የሚባል ሰው የለም። እዚያው አፌ ላይ ተወለደ።

«አቤት፣ ጎበዝ ነው እባክዎ! አንዲት ቅባት እንኳ አልተወ» አለች። ሻይዋን ጠጣች፣ ኬኩን አመሰገነች፣ ሄደች። አመነችኝ። ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጃኔትን ከጎንህ ልታስቀምጣት ነው። ይህን ሰኞ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

ኢኒድ

—

አይልሻም
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1992

ለሮይ፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። እዚህ ነፋሱ ከባሕር ነው፤ የጎረቤትን የዶሮ ቤት ወስዶታል።

ስለ ሜይ ሳስብ ባትመጡ ሳይሻል አይቀርም። የእንግዳው ክፍል ግድግዳ እርጥብ ይዟል። ለጃኔት ደረት ጥሩ አይደለም። ኮረብታውም በዚያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይዘንባል ይላሉ። ከመጣችሁም ለሻይ ነው እንጂ ለመኪና አይሁን። መኪናዋ አርጅታለች።

የጃኔትን ፎቶ ላክልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።

አክስትህ ኢኒድ

—

ኔልሰን
ማርች 12 ቀን 1992

ለተከበሩ አክስቴ ለኢኒድ፤

ጤናዎ እንዲበዛ እመኛለሁ። ፎቶውን በዚህ ውስጥ አድርጌአለሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በጃንዋሪ «ና» አሉኝ፤ በፌብሩዋሪ «አትምጣ»። በመካከሉ የተለወጠው ምን እንደሆነ ጠፋብኝ። ማርጎ «እርጥብ ግድግዳ ነው የሚሉት፤ ግድግዳ ብቻ ይሁን» አለች። ጃኔት ደግሞ «አባዬ፣ አክስቴ ኢኒድ ተቀይማሃለች፤ ብትቀየምህስ አይፈረድባትም» አለችኝ።

መኪናዋን ለሌላ ሰው ቃል ገብተው ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። እኔ መብት የለኝም። ቀብሩ ላይ ያልቆመ ሰው መሪ ልያዝ ቢል ያሳፍራል። ያልጻፉልኝ ይህን ከሆነ፣ ይጻፉልኝ፤ ይገባኛል።

ግን ስለ ኮረብታው ቀን ማኅበሩን ጠይቄ ጂሊያን የጻፈችልኝ ሌላ ነው። ሚስተር ፔግ የሚባል ባለሙያ ሁሉንም እንደ አዲስ አጥብቆታል አለችኝ። አንዱንም ቅባት አልተወም ብላ አደነቀችው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የትሬቨር መስመሮች መጥፋታቸው አስከፋኝ። ኋላ ግን በጎ ሰው በጎ ሥራ ሠራ አልኩ። እንግዲያው እኔ የምፈትሸው ነገር የለም። ሚስተር ፔግን እጁን ጨብጬ፣ በደረስን ማግስት ጃኔትን ይዤ ወደ ኮረብታው እሄዳለሁ።

ቲኬቱ ተገዝቷል። መኪናዋ የእኛ አይደለችም ካሉኝ እንደ ማንኛውም ሰው ከሣሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ሮይ

—

አይልሻም
ማርች 22 ቀን 1992

ሮይ፤

ሰላምታውን ዝለለው። ይህን አንብብ።

ሚስተር ፔግ የለም። እኔ ነኝ። የትሬቨርን ቢጫ መስመሮች ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ቆሻሻ መስለውኝ። የሚጠፋ እስኪጠፋ በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቄአቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ዳዶዎች ለማጽዳት ብዬ አላልቼ በእጄ ጉልበት መልሻለሁ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም። ለጂሊያን ዋሸሁ፤ ውሸቱን እሷ ላንተ ላከችው፤ አንተም ልጅህን ልታስቀምጥበት ተነሣህ።

ግድግዳው ደረቅ ነው። ተቀይሜህ አላውቅም። ባትመጣ ያልኩህ እንዳታውቅብኝ ነው። ልጅህ ላይ የሚደርሰውን ከማሰብ ይልቅ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን አሰብኩ። ቢጫውን ማጥፋቴ አለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን እያወቅሁ ነው።

ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ጽፌው ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ የላክኸውን ፎቶ ምድጃው ላይ አቆምኩት። ጃኔት የትሬቨርን አገጭ ይዛለች። የአጎት ልጅ ልጅ መሆኗን ረስቼ እንዴት እንደሱ ሆነች እያልኩ ስገረም ዋልኩ። ከዚያ ወረቀት አመጣሁ።

መኪናዋ ያንተ ናት። ማንም አልጠየቀኝም፣ ለማንም አልሰጠሁም። ግን ልጅቷን አታስቀምጥባት። አንተም አትቀመጥ።

ብትቆጣ መብትህ ነው፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።

ኢኒድ

—

አይልሻም
ኤፕሪል 19 ቀን 1992፣ የትንሣኤ ዕለት

ለሮይ፤

ክርስቶስ ተነሣ። ደብዳቤ አልመጣም። ጃክ በበሬ ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ ሳልጠይቀው።

መጋዘኑን ቆልፌአለሁ። ቁልፉ በአንገቴ ነው። እንዳትሰጋ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ማንም አይነዳትም።

ኢኒድ

—

ኔልሰን
ኤፕሪል 21 ቀን 1992

ለውድ አክስቴ ለኢኒድ፤

ይህን ያህል መዘግየቴ ከቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን በዚያው ቀን እጽፍ ነበር፤ ያውቁኛል።

ደብዳቤዎን ራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «እንዴት እንዲህ ታደርጋለች? ማንም ሰው የማይሠራው ነው!» ብዬ ሹካዬን ጣልኩ። ጃኔት ዳቦዋን እየቀባች፣ ቀና ሳትል፣ «አባዬ፣ ያን ቀን አጠገብህ ነበርኩ። "እንደ ሳህን ይጥራ፣ ምንም እንዳይቀር" ብለህ የጻፍክ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

ማርጎ ሳህኖቹን አነሣች። 

እኔ ነኝ። ጨዉን አስታወስኩ፣ ጡቡን አስታወስኩ፣ መስመሮቹን ረሳሁ። እኔና ትሬቨር ብቻ የምናውቀውን ነገር ሁሉም ሰው የሚያውቀው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ጀምሬ የቀደድኩትን ወረቀት ማርጎ ምድጃ ለኩሳበታለች። እርስዎ ጽፈው ላኩት፤ እኔ ግን ማፈሬን እንኳ ለመላክ ወር ፈጀብኝ።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። ከመጋዘኑ አረንጓዴ መሳቢያ ውስጥ ረጅም የዳዶ መፍቻ አለ፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። እጀታው ላይ የጥብቀቱን ልክ የሚመርጡበት ቁጥር አለው። የየዳዶውን ልክ ጂሊያን ታውቃለች፤ የእሷም መኪና ያው ናት። ጎማዎቹን፣ መሪውን፣ ጎማ የሚይዙትን የፊትና የኋላ እግሮቿን፣ የሞተሩን መያዣ፣ የወንበሩን ቀበቶ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ። ቀጭ ሲል ይተዉት፤ ከዚያ በላይ መጎተት ብሎኑን ይበጥሰዋል። ከዚያ ያሰምሩበት። ቢጫ አይሁን። የራስዎ ቀለም ይሁን፣ የማን እጅ እንደሆነ እንዲታወቅ።

ይህ ብቻውን የሚሠራ አይደለም፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ መብራት ይይዛል። ስለዚህ ስለ ሚስተር ፔግ ለጂሊያን መንገር አለብዎ። ከመፍቻው ይልቅ ይህ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ።

እኔ ስደርስ ልሠራው እችል ነበር። ግን እሱ ከሥር ምን ያይ እንደነበር ማወቅ የጀመሩት እርስዎ ነዎት፤ ቢጨርሱት እወዳለሁ።

ሮይ

—

አይልሻም
ሜይ 10 ቀን 1992

ለሮይ፣ ለማርጎ፣ ለጃኔት፤

ይህ ሳትነሡ እንዲደርሳችሁ ጃክ ራሱ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ሊወስደው ቃል ገብቷል። ሰላማችሁ ይብዛ።

ለጂሊያን ነገርኳት። ልጠራት ስላልደፈርኩ ቤቷ ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ። በር ላይ እንደቆምኩ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነገርኳት። 

«ሚስተር ፔግ የለም?»

«የለም።»

«እኔ እኮ ሰውዬውን ፍለጋ ክሮመርን አካልያለሁ! መጠጥ ቤት ገብቼ "ፔግ የሚባል ጎበዝ መካኒክ" ብዬ ስጠይቅ፣ "አንቺ፣ ባል ስታጪ በስም ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ።

«ይቅርታውን በኋላ። ቱታዎን ይልበሱ።»

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። እሷ መብራት ያዘች፣ እኔ ሳብኩ። መጀመሪያ እሷ ልሳብ ብላ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ጎማዎቹ ደኅና ነበሩ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጂሊያን በየመካከሉ ትቀልዳለች፤ «ሚስተር ፔግ ዛሬ ጥሩ እየሠሩ ነው» ትለኛለች። የፊተኛው ግራ እግር ጋ ስንደርስ መፍቻውን ጫንኩ፤ ቀጭ አላለም። ዳዶው ዞረ። እንደገና ሳብኩ፣ አሁንም ዞረ። ከጎኑ ያለውም እንዲሁ። መሪውን የሚይዘው አካባቢ ነው። ያኔ ጂሊያን መቀለድ ተወች። እኔም ቀጭ እስኪሉ ድረስ ሁለቱንም ሳብኩ። መብራቱን ወደ ፊቴ አላዞረችውም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ጃኔት ከጎንህ ተቀምጣ፣ ኮረብታው መታጠፊያ ላይ፣ እያልኩ ያሰብኩትን ግን አልጽፍልህም። እኔው ጋ ይቅር።

ቀለሙ ቀይ ነው። የጂሊያን የጥፍር ቀለም ነው፤ በዕድሜዬ ጥፍሬን ቀብቼ አላውቅም፣ ዘንድሮ ዳዶ ቀባሁ። እጄ ስላልለመደ መስመሮቼ እንደ ትሬቨር ቀጥ አላሉም። ስትመጣ ታያቸዋለህ፤ ጠማማ ናቸው፣ ግን ከዳዶው እስከ ብረቱ ይደርሳሉ።

የመጨረሻው የወንበሩ ቀበቶ ነበር። የነጂው ጎን አለቀ። በግራው፣ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ወንበር ኋላ ያለው ብሎን ጠባብ ጥግ ውስጥ ነው፤ ባለፈው ብሩሽም ጥፍሬም አልደረሰበትም ነበር። ጂሊያን ጭንቅላቷን አስገብታ መብራቱን ስታዞር፣ «ወይዘሮ ኢኒድ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይምጡና ይዩ።»

ቢጫ መስመር። ቀጭን፣ እንደ ፀጉር ቀጥ ያለ።

መንካት ፈራሁ። ግን ሳይፈተሽ የሚታለፍ የለም ብለሃል፤ እሱም ቢሆን አያልፈውም ነበር። መፍቻውን በማራዘሚያ አስገብታ አቀናችልኝ፤ ሳብኩ። ብዙም ሳልስብ ቀጭ አለ። መስመሩ አልተሰበረም። ከተሰመረበት አልተነቃነቀም።

ጂሊያን የቀዩን ጠርሙስ ክዳን ከፍታ፣ «ይቀቡት?» አለችኝ።

«ተቀብቷል» አልኳት።

በደኅና ግቡ። ጃኔትን በግራው ወንበር አስቀምጣት።

አክስትህ ኢኒድ